የአራስ ድርሻ

እናቴ መንዝ ውስጥ የማርያም ጽዋ ነበራት። በወር በወሩ በ21 ይጠጣል። ተራው የደረሳት ሴት ጠላዋን ጠምቃ፣ ዳቦዋን ጋግራ አባላቱን ትጠራለች፤ ቄሱ ጸሎት ያደርሱና ዳቦው ይቆረሳል። እኔ ከዚያ ማኅበር አብልጬ የማስታውሰው መላላኬን ነው። ከአባላቱ አንዷ ወልዳ ተኝታ ከሆነ፣ ማንም ከመቅመሱ በፊት የእሷ ድርሻ ይነሣል። ዳቦው በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ጠላው በትንሽ ማሰሮ ይቀዳል፣ ከዚያ እኔ እላካለሁ። አንድ ቀን ከደጅ ልወጣ ስል እናቴ ጠራችኝና «ላኩልሽ እንዳትያት። ድርሻሽ ነው በያት» አለችኝ። ልዩነቱ ያን ጊዜ አልገባኝም። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ሐሳቤ ሁሉ ጠላው እንዳይፈስብኝ ነበር።

የገባኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ሐኪም ሆኜ፣ ልጅ ወልጄ፣ ወደ ሥራ በተመለስኩ ሰሞን።

የወሊድ ፈቃዳችን 120 ቀን ነበር። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይል ነበር፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ልኩ ያው ነው። ለእናቶች የምንመክረው ደግሞ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲሰጡ ነው። እኔም ልጄ ሦስት ወር ሲሞላት ነጩን ጋውን ለብሼ ደብረ ብርሃን ውስጥ ወደምሠራበት ሆስፒታል ተመለስኩ። «እስከ ስድስት ወር ውኃም ቢሆን አትስጡ» ብዬ እናቶችን ስመክር የገዛ ጡቴ ሞልቶ ልብሴን ያረጥበዋል። የማልብበት ቦታ አልነበረም። ለሁለት ቀን ያህል መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ በሩን በእግሬ ደግፌ፣ ያለብኩትን ደፋሁት። ወተቱን ስደፋ እንዴት እንዳለቀስኩ ወልዳ ሥራ የገባች ሴት ታውቀዋለች።

በማዋለጃ ክፍላችን በዕድሜ ገፋ ያሉ አንዲት አዋላጅ ነርስ ነበሩ፤ ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው። በሦስተኛው ቀን ምንም ሳይጠይቁኝ መጡና የዕቃ ማስቀመጫ ክፍሉን ቁልፍ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተቱልኝ። «ከምሳ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ። በሩ ላይ እኔ እሆናለሁ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጓንት ካርቶኖችና በግሉኮስ ክምር መካከል፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ አልባለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ለዚህ ጠቅሞኛል፤ ወሩ ኅዳር ስለነበር ወተቱ እስከ ማታ አይበላሽም። እሳቸው ከበሩ ውጭ ቆመው የወላዶችን መዝገብ ይሞላሉ። ሰው መጥቶ ሐኪሟ የት ሄደች ሲል፣ «ሥራ ላይ ናት» ብለው ሲመልሱ ከውስጥ እሰማለሁ። እስከ ዛሬ ስለ እኔ ከተነገሩት ነገሮች ይህን ያህል ያስደሰተኝ የለም።

በዚያው ሰሞን የአልትራሳውንድ ሥልጠና መጣ። ሁለት ሳምንት፣ ሌላ ከተማ፣ አበሉና ማደሪያው የተሟላለት። እኔ በየቀኑ እርጉዞችን እያየሁ የፅንሱን አቀማመጥ በእጄ ዳስሼ የምገምት ሐኪም ስለነበርኩ፣ ከሆስፒታሉ ሁሉ ሥልጠናው የሚያስፈልገው ለእኔ ነበር። ወሬውን የሰማሁት የስም ዝርዝሩ ከተላከ በኋላ ነው። ጉዳዩ የተነሣው ዓርብ ማታ፣ ወንዶቹ ባልደረቦቼ ከሥራ በኋላ በሚሰበሰቡበት መጠጥ ቤት ነበር፤ እዚያው ተነጋግረው፣ እዚያው ተስማምተው፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ስም ገባ። ዓርብ ማታ እኔ ቤቴ ልጄን እያጠባሁ ነበር።

አለቃዬን ሄጄ ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም፤ አልዋሹኝምም። «ስምሽ እኮ ተነሥቶ ነበር። ጨቅላ ይዛ የት ትሄዳለች፣ አናስቸግራት ተባባልን» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ክፋት አላየሁም፤ የምር አስበውልኝ ነው።

የእናቴ ቃል ትዝ ያለኝ እዚያ ቢሮ ውስጥ ቆሜ ነው። ያቺ አራስ ወደ ማኅበሩ መምጣት እንደማትችል ሁሉም ያውቃል። ግን አትችልም ተብሎ ድርሻዋ ለሌላ አይሰጥም። ይላክላታል። ብትበላው፣ ለልጆቿ ብታካፍለው፣ ባትፈልገው ብትመልሰው የራሷ ጉዳይ ነው። እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ብጠየቅ እናቴን ከመንዝ አስመጥቼ፣ ልጄን አሳቅፌያት አብረን እንሄድ ነበር። ምናልባት አስቤበት አልችልምም እል ይሆናል። ያንን የምለው ግን እኔ ነበርኩ።

በሕክምና ሙያ ሴትን ወደ ኋላ የሚያስቀራት ምንድን ነው ሲባል ብዙ ሰው የሚያነሣው ንቀትን ነው። ንቀት አለ፤ አልክድም። ጋውን ለብሼ፣ ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሕመምተኛ መርምሬ ስጨርስ «ሲስተር፣ ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው?» እባላለሁ፤ አጠገቤ የቆመው ወንድ ነርስ ደግሞ «ዶክተር» ይባላል። አንድ አባት የልጃቸውን ቀዶ ሕክምና የምሠራው እኔ መሆኔን ሲሰሙ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት ፊት ለፊቴ ተርተውብኛል። ልጃቸው ድና ስትወጣ እጄን ስመው መርቀውኛል። እንዲህ ያለው ንቀት በሥራ ይመለሳል። ሳልጠየቅ የታዘነልኝ ኀዘኔታ ግን በምን ሥራ ይመለሳል? ክፉ አድራጊ የለው፣ የሚከሰስበት የለው፣ ሁለት ሳምንት ሥልጠናውን ግን ወስዷል።

ከዚያ በፊት፣ ገና ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ተመርቄ መንዝ ውስጥ ወዳለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ስመደብ የሆነውንም ልንገራችሁ፤ ሁለቱን ታሪኮች ነጥዬ ማሰብ አልችልም።

ከደብረ ብርሃን ልነሣ ስል፣ በሁለት ዓመት የምትቀድመኝ አንዲት ሐኪም ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። እምብዛም አንቀራረብም ነበር። ባዶ የጓንት ካርቶን ክዳን ቀድዳ ስልኳን ጻፈችበት። «ሌሊትም ቢሆን ደውዪ። ብትደውዪ አይደለም፣ ባትደውዪ ነው የምቀየምሽ» አለችኝ። ቁጥሩን ስልኬ ላይ መዘገብኩት፤ ካርቶኗን ግን ለምን እንደሆነ ሳላውቅ የማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጠፍኳት።

በአራተኛው ወር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ አምስተኛ ልጇን የወለደች እናት ደም አልቆም አላት። የእንግዴ ልጁ ወጥቷል፤ ማኅፀኑ ግን እንደ ላላ ቀረ። አዋላጇና እኔ የምናውቀውን ሁሉ አደረግን፤ ሆዷን አሸን፣ ማኅፀኑ እንዲኮማተር ኦክሲቶሲን ሰጠን፣ ደሙ እንዲረጋ ትራኔክሳሚክ አሲድ ሰጠን። ደሙ ከአልጋው ላስቲክ ላይ እየወረደ ጫማዬ ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ ይሰማኛል። ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ብላት በጓሳ በኩል እስከ ጣርማ በር፣ ከዚያ ወደ ታላቁ መንገድ፤ ሰዓታት የሚወስድ ጉዞ ነው። እንዲህ እየደማች መንገድ ብትወጣ እንደማትደርስ አውቄዋለሁ።

ዓይኔ ካርቶኗ ላይ ዐረፈ። አዋላጇን «ደውዪልኝ» አልኳት። ስልኩን የሕፃን ሚዛኑ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው። በሁለተኛው ጥሪ ተነሣ።

ስሜን ስነግራት ሰላምታ እንኳን አላስቀደመችም፤ «ምን ያህል ፈሰሳት? ግፊቷ ስንት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ኮንዶም አለሽ?» አለችኝ። ከቤተሰብ ምጣኔ ክፍል አዋላጇ ሮጣ አመጣች። ካቴተር በሚባለው ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ አልብሶ፣ በክር አስሮ፣ ማኅፀን ውስጥ አስገብቶ፣ ከውስጥ ተጭኖ ደሙን እንዲያቆም በጨው ውኃ መሙላት እንደሚቻል በትምህርት ቤት ሰምቼዋለሁ፤ በእጄ ግን ሠርቼው አላውቅም። «ክሩን ሁለት ጊዜ ዙሪበት። እንዳይሾልክ አጥብቀሽ እሰሪ። አሁን አስገቢው። አሁን ውኃውን፣ ቀስ እያልሽ፣ እየነገርሽኝ ሂጂ።» ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር አልኳት። «ቀነሰ?» አልቀነሰም። ሦስት መቶ። «ቀነሰ?» አልቀነሰም። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አዋላጇ ከረጢቱን ከእጄ ወስዳ ያዘችልኝ። አራት መቶ ሲደርስ ጅረቱ ጠብታ ሆነ። ከዚያ ቆመ።

ሦስታችንም ዝም አልን። ስልኩ ግን አልተዘጋም፤ ከወዲያ በኩል ትንፋሿ ይሰማኛል። ጥቂት ቆይታ «ካቴተሩን እንዳትነኩት። አምቡላንስ ጥሩ። ደም አዘጋጅቼ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ» አለች። ሊነጋጋ ሲል የጣርማ በር ጉም መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እያየ ነው የነዳው። ደብረ ብርሃን ስንደርስ በሩ ላይ ነበረች፤ ጋቢ ደርባ።

እናትየዋ ተረፈች። እኔም ጎበዝ ሐኪም ተባልኩ። ያን ሌሊት ግን ጉብዝናዬ የዚያችን ካርቶን ያህል ነበር። ስለ ሙያ ትስስር ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ ላይ የምትመጣው እሷ ናት።

እንግዲህ የሥልጠናው ነገር ከሆነ በኋላ ይህችኑ ሐኪም ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። ለካ እሷም እንዲሁ ያመለጧት ሦስት ነገሮች ነበሩ። ሌሎች ሦስት ሴት ሐኪሞች ጠራንና በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና መጠጣት ጀመርን። የጀመርነው በብሶት ነው፤ ሁለት ወር ብሶት አወራን። አምስት ሰው ብሶቱን ለማውራት ሁለት ወር በቂ ነው።

በሦስተኛው ወር ተራው የእኔ ነበርና እትዬን ጠራኋቸው። ቁጭ ብለው ካዳመጡን በኋላ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ልጆቼ፣ እናንተ የምትመካከሩት ስለ ሴት ሐኪሞች ነው። ቁልፉን የሰጠሁሽ እኔ ግን ሐኪም አይደለሁም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ዓይናችንን መሬት ላይ ተከልን። እውነታቸውን ነበር። የእኛ የጤና ሥርዓት የቆመው በማን ላይ ሆነና ነው? የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ ተደርጎ ከ30,000 በላይ ወጣት ሴቶች ሠልጥነዋል። የሞጃን ገደል፣ የይፋትን ቆላ በእግር እየወረዱ ነፍሰ ጡር የመዘገቡት እነሱ ናቸው። መንዝ ላይ ያን ሌሊት ከረጢቱን የያዘችልኝ አዋላጅ ናት። ስብሰባችን ላይ ግን አንዳቸውም አልነበሩም። ወንዶቹ መጠጥ ቤት ውስጥ ያደረጉትን እኛ ቡናችን ላይ ደገምነው ማለት ነው።

ዛሬ 23 ነን። አዋላጆች፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ጤና መኮንኖች፣ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከአረርቲ የሚገኙት ብዙ ጊዜ በስልክ ነው። ስም አላወጣንለትም። የማርያም ልንለው አሰብንና ከሸዋ ሮቢት የምትመጣው ፋርማሲስታችን ሙስሊም መሆኗን አስታወስን፤ ያለ ስም ቀረ። በረመዳን ቡናውን እንተወዋለን፤ በዐቢይ ጾምም የሚቀርበው ሽሮ ነው፤ ጉባኤው ግን አይቀርም።

ሥራችን ቀላል ነው። በየወሩ አንዷ ወሬ ጠባቂ ትሆናለች። ከጤና ሚኒስቴርም ሆነ ከዩኒቨርሲቲዎች የሚወጣ ማስታወቂያ፣ የስፔሻሊቲ ምዝገባ፣ የማስተርስ ዕድል፣ ሥልጠና፣ የሥራ እድገት፣ ያየችውን ሁሉ ለሁሉም ታደርሳለች። ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ብቻውን እንደማይበቃ በ2016 ዓ.ም. ተምረናል። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እያንዳንዷ ለሁለት ሰው እንድትደውል ተከፋፈልን። ያ የስልክ ሰንሰለት ኢንተርኔቱ ከተመለሰም በኋላ አልተወንም፤ መልእክት ሳይነበብ ያልፋል፣ ድምፅ ግን ምላሽ ይጠይቃል።

እቁብም አለን፤ በወር አንድ አንድ ሺህ ብር። ዕጣ እናወጣለን፣ ግን ፈተና ወይም ምዝገባ የደረሰባት ካለች ዕጣ የወጣላት ተራዋን ትለቅላታለች። ይህንን ማንም አላስገደደም፤ የመጀመሪያዋ ባለ ዕጣ በገዛ ፈቃዷ አደረገችው፣ ከዚያ ልማድ ሆነ። በዚህ ገንዘብ ሦስት ሰዎች አዲስ አበባ ሄደው ተፈትነዋል። ከመካከላቸው አንዷ እኔ ነኝ። ዛሬ የማኅፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት የሆንኩት በዚያ ብርና በአንዲት የስብስባችን አባል እኅት ቤት አድሬ ነው። ማታ ስደርስ ሽንብራ አሹቅ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም።

የዋናው ደንባችን ግን ስሙ «የአራስ ድርሻ» ነው። ዕድል ሲመጣ መጀመሪያ የሚነገረው ለሌለችው ነው፤ ወሊድ ላይ ላለችው፣ ሕመምተኛ እናቷን ልታስታምም ለሄደችው፣ ገጠር ለተመደበችው። ትችያለሽ ወይ ብለን አንጀምርም። ይህ መጥቷል፣ ቀኑ ይህ ነው፣ ትፈልጊያለሽ ወይ እንላታለን። እፈልጋለሁ ካለች የቀረው የእኛ ሥራ ነው። ማን ይተካታል፣ ልጁን ማን ይይዛል፣ ቅጹን ማን ያደርስላታል የሚለውን እኛ እንመክርበታለን። አልፈልግም ካለች በቃ፤ ማንም አይጎተጉታትም። አንዷ ሁለት ጊዜ አልፈልግም ብላ በሦስተኛው ሄዳለች።

በየስብሰባው ከእኛ በፊት ስለነበረች አንዲት ሴት አንዳችን እናወራለን። በተራዬ የልዕልት ፀሐይን ታሪክ ይዤ ቀረብኩ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናት፤ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች። አገር ነፃ ሲወጣ ተመልሳ ደሴ ሆስፒታል ሠራች። የደሴ መንገድ እኛው ዘንድ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር ነው የሚያልፈው፤ በዚያ ጉም ውስጥ እሷም ሳታልፍ አትቀርም ብዬ አስባለሁ። አግብታ ወደ ነቀምቴ ሄደች፤ እዚያው በ1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ሞተች። 22 ዓመቷ ነበር። የንጉሥ ልጅ ናት፣ ነርስ ናት፣ ግን ከዚያ ሞት አላመለጠችም። በስሟ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ።

በዚያ ሆስፒታል በ1950ዎቹ አጋማሽ ማሚቱ ጋሼ የምትባል ያልተማረች የገጠር ልጅ በምጥ ብዛት ፊስቱላ፣ ሽንት ያለ ፈቃድ የሚያፈሰው ቀዳዳ፣ ይዟት መጣች። ያከሟት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ናቸው። ከዳነች በኋላ አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፤ ከዚያ በቀዶ ሕክምና ጊዜ መሣሪያ ማቀበል፤ ከዚያ ራሷ መሥራት። በልጅነቷ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠችው ማሚቱ እጇ ያወቀውን ለሌሎች ሐኪሞች እስከ ማስተማር ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ሮያል የቀዶ ሕክምና ኮሌጅ ከሐምሊን ባልና ሚስት ጋር የወርቅ ሜዳልያ ሸለማት። ታሪኩን ስጨርስ ከኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን አንዷ «መሣሪያውን ማን ነው መጀመሪያ እጇ ላይ ያስቀመጠላት?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ከእኔ ታሪክ ይበልጥ ነበር። አልጋ ልታነጥፍ የመጣችን ሴት አይቶ «ነይ፣ ይህን ያዢ» ያለ ሰው ባይኖር ማሚቱ የዳነች ሕመምተኛ ሆና ወደ አገሯ ትመለስ ነበር።

ለእኔም መጀመሪያ የቀዶ ሕክምና ምላጭ እጄ ላይ ያስቀመጠልኝ ወንድ ነው፤ መንዝ አብሮኝ የሠራ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ። ሠርቶ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት የሚበቃውን ሥራ እኔ አንድ ሰዓት ስፈጅበት አጠገቤ ቆሞ ጠብቆኛል። ስለዚህ «ሴቶች ብቻ ተሰብስባችሁ ምን ልትሆኑ ነው?» የሚሉኝን ባልደረቦቼን አልቀየምም። የምመልስላቸው ይህንን ነው፦ እናንተ ዓርብ ማታ ስትሰበሰቡ ማንም ማኅበር አላለውም፣ ነገር ግን ሥራ ይወሰንበታል። ያንን ውሳኔ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ባለበት አድርጉት፤ ያኔ የእኛ ቅዳሜ ለቡና ብቻ ይሆናል።

ደግሞም ጉዳዩ የእኛ ሆስፒታል ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ካሉት የጤና ባለሙያዎች 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ ከፍተኛ የአመራር ቦታ ላይ ያሉት ግን 25 በመቶ ብቻ ናቸው። በአገራችን ሁለቱ ተከታታይ የጤና ሚኒስትሮች፣ ዶክተር ሊያ ታደሰና ዶክተር መቅደስ ዳባ፣ ሁለቱም ሴቶች፣ ሁለቱም የእኔው ሙያ ባለቤቶች ናቸው። ልጄ ይህንን እያየች ማደጓ ያኮራኛል። ነገር ግን ከላይ ያለው ወንበር እስከ ዞንና እስከ ወረዳ ያለውን የዓርብ ማታ ወሬ አይቀይረውም። በየካቲት 29 አበባ ይሰጠናል፤ አመሰግናለሁ፤ ብጠየቅ ግን ከአበባው ይልቅ በእያንዳንዱ ሆስፒታል በር ያለው፣ ወንበር ያለው፣ መቆለፊያ ያለው አንድ ትንሽ የማጥቢያ ክፍል እመርጣለሁ። የሥልጠና ማስታወቂያም ስም ከመላኩ አምስት ቀን በፊት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ሐኪም ከወለደች አርባ ቀኗ ሳይሞላ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ ሥልጠና መጣ። አሁን በሥራ ክፍላችን የስም ዝርዝር የምልከው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ በአእምሮዬ የመጣው ይህንን ልጅማ አናስቸግራት የሚለው ነበር። ያ አለቃዬ ያሰቡትን አሰብኩ፤ በዚያው ድምፅ። ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ከሥራ ስወጣ ቅጹን በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ አጥሚት በፔርሙስ ይዤ፣ ባጃጅ ተሳፍሬ ጠባሴ ወደሚገኘው ቤቷ ሄድኩ። እናቷ በር ከፈቱልኝና ፔርሙሱን ሲያዩ «ምነው ተቸገርሽ ልጄ» አሉኝ። ልጅቷ አልጋ ላይ ደገፍ ብላ ሕፃኑን እያጠባች ነበር። ቅጹን ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ድርሻሽ ነው» አልኳት።

በአንድ እጇ ሕፃኑን እንደያዘች ሙሉውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እናቷ ከማጀት «ምን መጣ?» ይላሉ። ቀኑን ሁለት ጊዜ አየችው፣ በጣቷ ቆጠረች፣ ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀችኝ።